ኮረንቲ በሐዲድ ላይ፦ የኤሌክትሪክ ትራምና የምድር ውስጥ ባቡር አጀማመር

ተማሪ ሳለሁ በኖርኩበት የአውሮፓ ከተማ፣ የብርዱ ወራት በገቡ ቁጥር ማለዳ ማለዳ የማየው ትዕይንት ነበር። ሌሊቱን በረዶ የለበሰው ሽቦ ላይ የትራሙ ክንድ ሲንሸራተት ሰማያዊ ብልጭታ ይተፋል፤ የፌርማታው ጨለማ ለቅጽበት ይበራና መልሶ ይጠፋል። የአገሩ ሰው ቀና ብሎ እንኳ አያይም። ምሕንድስና ለመማር የሄድኩት እኔ ግን በመጀመሪያው ቀን ደንግጬ ወደ ኋላ ማለቴን አልክድም።

ያ ብልጭታ የሚናገረው ነገር አለ። ትራሙ ነዳጅ አልያዘም፤ ኃይሉ የሚመጣው ብዙ ኪሎ ሜትር ርቆ ካለ ማመንጫ ነው። በሚሮጠው ፉርጎና በቆመው ሽቦ መካከል ያለችው ጠባብ መገናኛ ላፍታ ስትላቀቅ ኮረንቲው አየሩን ሰንጥቆ ይሻገራል፤ ፈጽማ ከተቋረጠች ደግሞ ያ ሁሉ ብረት ከነተሳፋሪው ቀጥ ብሎ ይቆማል። የኤሌክትሪክ ባቡር ታሪክ ብዙውን ጊዜ እንደ ሞተር ታሪክ ተደርጎ ይተረካል። እኔ እንደማየው ግን መሐንዲሶቹን ይበልጥ ያስጨነቃቸው ኃይልን ለሚንቀሳቀስ ነገር እንዴት ማድረስ፣ ከደረሰም በኋላ እንዴት መቈጣጠር እንደሚቻል ነው። ምላሹ እስኪገኝ ድረስ ሀብት ከስሯል፤ የሰውም ሕይወት ጠፍቷል። ዛሬ በዋሽንግተን፣ በለንደን፣ በስቶክሆልም ወይም በዱባይ ባቡር የሚሳፈር አንባቢ የሚጠቀምበት ዘዴ፣ በዋና ዋና ነገሩ፣ ከ1879 እስከ 1904 ባሉት 25 ዓመታት ውስጥ የተገኘ ነው። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዘመናት፣ ዓ.ም. የሚል ካልተጻፈባቸው በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ፈረሶቹ ሲታመሙ

ከኤሌክትሪክ በፊት የከተማ ትራም የሚጎተተው በፈረስ ነበር። ኒው ዮርክ በ1832 የመጀመሪያውን የፈረስ ትራም ስትዘረጋ የሐዲዱ ጥቅም ወዲያው ታየ። በድንጋይ ንጣፍ ላይ ከሚንገጫገጭ ጋሪ ይልቅ በለሰለሰ ብረት ላይ የሚንከባለል ፉርጎ እጅግ ያነሰ ጕልበት ይጠይቃልና፣ አንድ ጥንድ ፈረስ በርካታ ሰዎችን መጎተት ቻለ።

ይሁን እንጂ ፈረስ ውድ ሞተር ነው። በቀን ከአራትና ከአምስት ሰዓት በላይ አይጎትትም፤ ስለዚህ አንዱን ፉርጎ ከጠዋት እስከ ማታ ለማሠራት ስምንትና ከዚያም የሚበልጡ ፈረሶች በጋጣ ሊቀለቡ ግድ ነበር። ቆሞም ይበላል። ጥቂት ዓመታት ካገለገለ በኋላ ለሥራው አይበቃም። እያንዳንዱ በቀን አሥር ኪሎ ግራም ያህል ፋንድያ መንገድ ላይ ጥሎ ይሄዳል።

የዚህ ሥርዓት ደካማነት ፍንትው ብሎ የታየው በ1872 ነው። በዚያ ዓመት በካናዳ ቶሮንቶ አካባቢ የጀመረ የፈረሶች ኢንፍሉዌንዛ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ የአሜሪካን ታላላቅ ከተሞች አዳረሰ። ትራሞች ቆሙ፤ ዕቃ በወደብ ተከመረ፤ አንዳንድ ቦታ ሰዎች ራሳቸው ጋሪ እስከ መጎተት ደረሱ። በቦስተን ኅዳር ላይ ታላቅ ቃጠሎ ሲነሣ የእሳት አደጋ ፈረሶችም ታመው ስለ ነበር የማጥፊያውን መሣሪያ የጎተተው የሰው ክንድ ነው።

ሌላ ኃይል የመፈለጉ ጕዳይ ከዚያ ወዲያ ለነገ የሚባል አልሆነም። በ1873 በሳን ፍራንሲስኮ አንድሩ ሃሊዲ ከመንገዱ ሥር ያለማቋረጥ የሚሽከረከር የብረት ገመድ ዘረጋ፤ ፉርጎው ገመዱን ሲይዝ ይሄዳል፣ ሲለቅ ይቆማል። ለአቀበት እጅግ የተመቸ ነበር፤ ዛሬም ጎብኚዎች ይሳፈሩበታል። ነገር ግን ከመንገድ ሥር የሚቈፈረው ቦይ ዋጋው ከባድ ነው፤ የእንፋሎቱ ሞተር ጕልበት አብዛኛው የሚባክነው ተሳፋሪን በመጎተት ሳይሆን ገመዱን ራሱን በመጎተት ነው፤ ገመዱ የተበጠሰ ዕለትም መላው መስመር ይቆማል።

ኃይልን ከቦታ ቦታ መውሰድ

በኤሌክትሪክ የሚሄድ ባቡር የመሥራት ሐሳብ ከዚህ ሁሉ ይቀድማል። ስኮትላንዳዊው ሮበርት ዴቪድሰን በ1842 በባትሪ የሚሠራ ባቡር በሐዲድ ላይ ነድቷል። ፍጥነቱ ከእግረኛ ብዙም አይበልጥም ነበር። ሥራውን ያሰናከለው ግን ዝግታው አይደለም፤ ባትሪው ኃይል የሚሰጠው ዚንክ የተባለውን ማዕድን እየበላ ነበርና፣ ዚንክ በልቶ ከሚሄድ ባቡር ይልቅ ከሰል በልቶ የሚሄደው በብዙ እጥፍ ይረክሳል።

መንገዱን የከፈተው በጄኔሬተር የመጣው ለውጥ ነው። በ1873 በቪየና ዐውደ ርእይ፣ የቤልጅጉ ተወላጅ ዜኖብ ግራም የሠራቸው ሁለት ጄኔሬተሮች በሽቦ ሲገናኙ፣ አንዱ በሞተር ሲዞር ሌላው በራሱ መዞር እንደሚጀምር ለሕዝብ ታየ። ይህ ማለት ከሰሉን በአንድ ቦታ አንድዶ ጕልበቱን በሽቦ ወደ ሌላ ቦታ መላክ ይቻላል ማለት ነው። ባቡሩ ማመንጫውን ተሸክሞ መዞር አይኖርበትም።

ከስድስት ዓመት በኋላ፣ በ1879፣ ጀርመናዊው ቨርነር ፎን ሲመንስ በበርሊን የኢንዱስትሪ ዐውደ ርእይ ላይ 300 ሜትር ያህል ርዝመት ባለው ክብ ሐዲድ ላይ አንዲት ትንሽ የኤሌክትሪክ ባቡር አስነዳ። ነጂው ሞተሩ ላይ እንደ ፈረስ ተቀምጦ፣ ተሳፋሪዎች በሦስት ተጎታች አግዳሚዎች ጀርባ ለጀርባ ተደርድረው ይዞሩ ነበር። ኃይሉ 150 ቮልት ሲሆን፣ የሚመጣው በሁለቱ ሐዲዶች መካከል በተዘረጋ ሦስተኛ ብረት አማካይነት ነው። ዐውደ ርእዩ ክፍት በነበረባቸው ጥቂት ወራት ከ80 ሺህ በላይ ሰው ተሳፍሮባታል።

ሲመንስ በ1881 በበርሊን አቅራቢያ፣ በሊሽተርፌልደ፣ ለሕዝብ አገልግሎት የሚሰጥ የኤሌክትሪክ ትራም ከፈተ። በዚህኛው ግን ሦስተኛውን ብረት ትቶ ኮረንቲውን በሁለቱ የመሄጃ ሐዲዶች ላይ አሳለፈው፤ ባንዱ ይመጣል፣ በሌላው ይመለሳል። 180 ቮልት መሆኑ ነው። ችግሩን ያወቁት ፈረሶቹ ናቸው። ሰኮናቸው ብረት የተመታ ፈረሶች ሁለቱን ሐዲዶች ባንድ ጊዜ ሲረግጡ ኮረንቲ ይነዝራቸው ነበር። ለሰው ልጅ ክፍት በሆነ መንገድ ላይ ኤሌክትሪክን በእግር ሥር ማስቀመጥ እንደማያዋጣ ከዚህ በላይ ማስረጃ አላስፈለገም። በ1883 በእንግሊዝ የባሕር ዳርቻ ከተማ በብራይተን ማግነስ ቮልክ የዘረጋው መስመር ከዚህ አደጋ የራቀው ቮልቱ ዝቅተኛ፣ ቦታውም የከተማ መንገድ ሳይሆን የባሕር ጠረፍ ስለ ነበረ ነው።

ሪችመንድ፣ 1888

የኤሌክትሪክ ትራም ከዐውደ ርእይ ትርኢት ወጥቶ የከተማ ሥራ የሆነበትን ቀን ጥቀስ ብባል፣ የካቲት 2 ቀን 1888ን እጠቅሳለሁ፤ ቦታው የቨርጂኒያ ዋና ከተማ ሪችመንድ። በአገራችን አዲስ አበባ ገና በተቈረቈረችበት ዘመን መሆኑ ነው።

ባለታሪኩ ፍራንክ ስፕሬግ ይባላል። በ1857 ተወለደ፤ ከአሜሪካ የባሕር ኃይል አካዳሚ ተመረቀ፤ ለጥቂት ጊዜ ከቶማስ ኤዲሰን ጋር ሠራ። ኤዲሰን ልቡ በመብራት ላይ ነበር፤ ስፕሬግ ደግሞ በሞተር ላይ። በ1884 ተለየውና የራሱን ኩባንያ አቋቋመ። በ1887 ከሪችመንድ ጋር የተፈራረመው ውል እንደ መሐንዲስ ሳነበው ያስደነግጠኛል። 12 ማይል መስመር፣ የኃይል ማመንጫ፣ 40 ፉርጎዎችና 80 ሞተሮች፣ ሁሉም በ90 ቀናት ውስጥ ተሠርተው እንዲጠናቀቁ የሚያዝዝ ነበር። ሥራው አጥጋቢ ሆኖ ካልተገኘ ክፍያ የለም። ስፕሬግ በፈረመበት ጊዜ የብዙዎቹ ዕቃዎች ንድፍ እንኳ በወረቀት ላይ አልሰፈረም ነበር። ወዲያው ደግሞ ታይፎይድ ጣለው፤ ከአልጋው ሲነሣ ያገኘው በቀይ ሸክላ አፈር ላይ በችኮላ የተነጠፈ፣ ጠመዝማዛና በአንዳንድ ሥፍራ በየ100 ሜትሩ 10 ሜትር የሚወጣ ሐዲድ ነው።

ሊፈታቸው የነበሩትን ችግሮች ለየብቻ ማየት ይጠቅማል።

የመጀመሪያው፣ ሞተሩ የት ይቀመጥ የሚለው ነው። ከፉርጎው ወለል ጋር ቢታሰር፣ ወለሉ በሞላ ላይ ስለሚወዛወዝ፣ በሞተሩና በመንኰራኩሩ መካከል ያለው ርቀት በየቅጽበቱ ይለዋወጣል፤ የማርሾቹ ጥርሶችም ይላቀቃሉ ወይም ይሰበራሉ። በመንኰራኩሮቹ ዘንግ ላይ ድርቅ ብሎ ቢታሰር ደግሞ የሐዲዱ ምት ሁሉ ሞተሩን ይሰባብረዋል። ስፕሬግ የሞተሩን አንድ ጫፍ በዘንጉ ላይ ሊዞር በሚችል ማቀፊያ አሰረ፤ ሌላውን ጫፍ በሞላ አንጠለጠለው። በአንድ መንኰራኩር የሚገፋ የግንባታ ጋሪ እጀታው ከፍ ዝቅ ሲል መንኰራኩሩ ከቦታው እንደማይናወጥ ሁሉ፣ ሞተሩም ከዘንጉ ጋር አብሮ ይወጣል ይወርዳል፤ የማርሾቹ ርቀት ግን አይለወጥም። ይህ አሠራር በዓለም ዙሪያ በትራሞችና በባቡሮች ላይ ለብዙ ዐሥርት ዓመታት አገልግሏል፤ ዛሬም ፈጽሞ አልቀረም።

ሁለተኛው የኮረንቲው መንገድ ነው። ሽቦው ከመንገዱ በላይ ተሰቀለ፤ ከፉርጎው ጣራ ላይ አንድ ረጅም ዘንግ ወደ ላይ ወጣ፤ ሞላ ወደ ላይ ይገፋዋል፤ በጫፉ ያለች ጎድጓዳ ትንሽ መዘውር በሽቦው ሥር ትሽከረከራለች። ኮረንቲው በዘንጉ ወርዶ በሞተሩ ያልፍና በመንኰራኩሮቹ በኩል ወደ ሐዲዱ ገብቶ ወደ ማመንጫው ይመለሳል። ከዚህ ቀደም ቻርልስ ቫን ደፑል የተባለው የቤልጅግ ተወላጅ ተመሳሳይ ዘንግ ሠርቶ ነበር። ስፕሬግና ረዳቶቹ መዘውሯ በማዞሪያና በመጋጠሚያ ላይ ከሽቦው እንዳታመልጥ ለማድረግ ዐርባ ያህል ዓይነት ንድፍ እንደ ሞከሩ ይነገራል።

ሦስተኛው ችግር በዓይን የማይታየው ነው። የኤሌክትሪክ ሞተር ሲዞር እርሱ ራሱ እንደ ጄኔሬተር ሆኖ ከሚገባው ኮረንቲ ጋር የሚገፋ ቮልት ያመነጫል፤ ይህም የሚገባውን ኮረንቲ ይገድበዋል። በቆመበት ሰዓት ግን የሚገድበው ነገር የለም። ስለዚህ ትራም ከቆመበት በሚነሣበት፣ ይልቁንም በአቀበት ላይ፣ ኮረንቲው እንደ ጎርፍ ይገባል፤ ሽቦው ይግላል፤ ሽፋኑ ይቃጠላል። ነጂው መነሻው ላይ ኮረንቲውን በማፈኛ ሽቦዎች እየቀነሰ፣ ፍጥነት ሲገኝ ማፈኛውን አንድ በአንድ የሚያወጣበት እጀታ ያስፈለገው ለዚህ ነው።

ይህ ነገር በንድፈ ሐሳብ ብቻ አልቀረም። በሙከራው ወቅት አንድ ምሽት ስፕሬግ ሰው የጫነ ፉርጎ ራሱ እየነዳ የከተማዋን ከባድ አቀበት ወጣ። ሞተሮቹ እየጋሉ ጫፍ ላይ አደረሱትና እዚያው ከሥራ ውጪ ሆኑ። ሕዝቡ ተሰበሰበ። ስፕሬግ በኋላ እንደ ተረከው፣ ሕዝቡ እየሰማ ረዳቱን ጥቂት የኮረንቲ ችግር አለና መሣሪያዎቹን ሂድና አምጣ አለው፤ ከዚያም መብራት አጥፍቶ አግዳሚው ላይ ጋደም አለ። የመጨረሻው ተመልካች ወደ ቤቱ ከገባ በኋላ ረዳቱ መሣሪያዎቹን እየነዳ መጣ። አራት ብርቱ በቅሎዎች ነበሩ።

መስመሩ በመጨረሻ ሥራ ጀመረ። ውሉ በዘገየው ልክ ክፍያው ተቀንሶ ኩባንያው በብዙ ከሰረ። ኪሳራውን ያካካሰው የአንድ እንግዳ መምጣት ነው። ሄንሪ ዊትኒ በቦስተን በሺህ የሚቈጠሩ ፈረሶች ያሉት የትራም ኩባንያ መሪ ሲሆን፣ ፈረሶቹን በሳን ፍራንሲስኮው ዓይነት ገመድ ለመተካት ያስብ ነበር። አብሮት የመጣው ሥራ አስኪያጅ አንድ ብርቱ ጥያቄ አነሣ፤ ብዙ ፉርጎዎች በአንድ ቦታ ታግደው ቆይተው ባንድ ጊዜ ቢነሡ ማመንጫው ይችላቸዋልን? ስፕሬግ በሌሊት 22 ፉርጎዎችን በመስመሩ አንድ ጫፍ ተራ አስያዛቸው፤ ያ የመስመሩ ክፍል ይህን ያህል ፉርጎ ባንድ ጊዜ እንዲያንቀሳቅስ የታሰበ አልነበረም። ማመንጫው ቮልቱን እንዳይለቅ ታዘዘ። በፋኖስ ምልክት ሲሰጥ ፉርጎዎቹ እየተከታተሉ ተነሡ። ቮልቱ እጅግ ወረደ፤ የፉርጎዎቹ መብራት ደበዘዘ፤ ነገር ግን ሁሉም ሄዱ። ዊትኒ የገመዱን ሐሳብ ተወ።

ከዚያ በኋላ የሆነው ቍጥሩ ራሱ ይናገራል። በ1890 ከአሜሪካ የጎዳና ሐዲዶች 70 በመቶ ያህሉ ገና በእንስሳት የሚሠሩ ነበሩ፤ በ1902 ግን 97 በመቶው ኤሌክትሪክ ሆኗል። በዋሽንግተን የሚኖሩ አንባቢያን አንድ የተለየ ነገር ቢያውቁ ደስ ይላቸዋል። የአገሪቱ ምክር ቤት የመሃል ከተማው ሰማይ በሽቦ እንዳይበላሽ ስለ ከለከለ፣ በዚያ ኮረንቲው ከመንገዱ ሥር በተቈፈረ ቦይ ውስጥ ተቀበረ። ከፉርጎው ሥር በጠባብ ስንጥቅ ገብቶ ኮረንቲውን የሚያመጣውን መሣሪያ ሠራተኞቹ በእንግሊዝኛ «ማረሻ» ይሉት ነበር። የከተማዋ የቀድሞ ትራም በ1962 እስከ ቆመበት ጊዜ ድረስ አስፋልቱን ሲያርስ ኖሯል።

ሪችመንድን ከመልቀቃችን በፊት ግን አንድ ታሪክ መዝለል አይገባም። በ1904 ቨርጂኒያ የትራም ኩባንያዎች ጥቁርና ነጭ ተሳፋሪዎችን ለይተው እንዲያስቀምጡ የሚፈቅድ ሕግ አወጣች። ሕጉ ፈቀደ እንጂ አላስገደደም፤ የሪችመንድ ኩባንያ ግን በፈቃዱ ተጠቀመ። የጋዜጣ አዘጋጁ ጆን ሚቸልና በአሜሪካ ባንክ ያቋቋመች የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት ማጊ ዎከር ሕዝባቸው ከትራም እንዲወርድ ጠሩ። በሺህ የሚቈጠሩ ሠራተኞችና የቤት አገልጋዮች ወራትን በእግራቸው ተመላለሱ። ኩባንያው በዚያው ዓመት ዕዳውን መክፈል አቅቶት በፍርድ ቤት በተሾመ አስተዳዳሪ ሥር ወደቀ። መንግሥቱ ግን አልተመለሰም፤ በ1906 መለያየቱን ግዴታ አደረገው። የአላባማው የሞንትጎመሪ አድማ ከመደረጉ 50 ዓመት በፊት መሆኑን ልብ ይሏል። የዓለምን ከተሞች የለወጠው ሐዲድና የዘር መለያው አግዳሚ በአንድ ከተማ፣ በ16 ዓመት ልዩነት ተገናኙ። የምሕንድስና መጻሕፍት የመጀመሪያውን ብቻ ነው የሚያስተምሩት፤ እኔም ሁለተኛውን ያወቅሁት ዘግይቼ ነው።

ከመሬት በታች

ለንደን ከመሬት በታች ባቡር ያስኬደችው ኤሌክትሪክ ሳይመጣ ነው። በጥር 1863 የተከፈተው የሜትሮፖሊታን መስመር በእንፋሎት የሚሄድ ነበር። ከመንገድ በታች ብዙም ሳይጠልቅ ተቈፍሮ የተከደነ ሲሆን፣ ጢሱ የሚወጣበት ቀዳዳ በየቦታው ተትቶለታል። ያም ሆኖ ተሳፋሪው በጥቀርሻና በድኝ ሽታ ይታፈን ነበር። ከዚህ ጠልቆ መሄድ በእንፋሎት የማይታሰብ ነው።

ጄምስ ግሬትሄድ የተባለው መሐንዲስ መሬቱ እንዳይናድ ደግፎ በሚይዝ የብረት ጋሻ እየታገዘ፣ በለንደን ሸክላ አፈር ውስጥና ከቴምዝ ወንዝ ሥር ሁለት ጠባብ ዋሻዎች አስቈፈረ፤ ስፋታቸው ከ3 ሜትር ጥቂት ቢበልጥ ነው። መጀመሪያ የታሰበው ባቡሩን በገመድ ለመጎተት ነበር። የገመዱን ሥራ የያዘው ድርጅት ስለ ከሰረ ፊታቸውን ወደ ኤሌክትሪክ አዞሩ። በታኅሣሥ 1890 ለሕዝብ የተከፈተው ይህ የ5 ኪሎ ሜትር መስመር ጥልቅ ለሆነ የምድር ውስጥ የኤሌክትሪክ ባቡር የዓለም መጀመሪያ ነው።

ፉርጎዎቹ መስኮት አልነበራቸውም ማለት ይቻላል፤ ከጣራው ሥር ቀጭን ስንጥቅ ብቻ። ከመሬት በታች ምን ይታያል ብለው ነው። ተሳፋሪው ወዴት እንደ ደረሰ የሚያውቀው ሠራተኛው የጣቢያውን ስም ሲጠራ ነበር፤ ግድግዳው በጨርቅ የተለበጠ በመሆኑ ሕዝቡ የእብድ ማቆያ ክፍል የሚል ስም አወጣለት። ሌላም ችግር ነበር። ብቸኛው ማመንጫ የነበረው በአንደኛው የመስመሩ ጫፍ፣ በስቶክዌል ነው። ኮረንቲ ረጅም መንገድ በተጓዘ ቁጥር ቮልቱ ይወርዳል። ስለዚህ በሌላኛው ጫፍ ካለው ጣቢያ በፊት የምትገኘውን አቀበት ባቡሩ አንዳንዴ መውጣት ያቅተው ነበር፤ ወደ ኋላ ተመልሶ ተንደርድሮ እንደገና ይሞክራል።

ቡዳፔስት በግንቦት 1896 በአውሮፓ አህጉር የመጀመሪያውን ከፈተች። በመስከረም 1897 ቦስተን ተከተለች፤ ምክንያቱም የዊትኒ ትራሞች እጅግ ከመብዛታቸው የተነሣ መንገዱ ተዘግቶ ስለ ነበር ከመሃል ከተማው ሥር ዋሻ ተሠርቶ እዚያ ተከተቱ።

አንድ እጅ፣ ብዙ ሞተር

ይህ ሁሉ ሲሆን ረጅም ባቡር የማስኬድ ጥያቄ ገና አልተመለሰም። በለንደን የነበረው ዘዴ ከፊት አንድ ኤሌክትሪክ ሎኮሞቲቭ አድርጎ ፉርጎዎችን ማስጎተት ነው። የሎኮሞቲቭ ጕልበት ግን በሞተሩ ብቻ አይወሰንም፤ መንኰራኩሩ ሐዲዱን በመቈንጠጡም ጭምር ነው፤ ይህም በክብደቱ ይለካል። ፉርጎ በጨመሩ ቁጥር ከፊት ያለው መንኰራኩር መንሸራተት ይጀምራል። በየፉርጎው ሞተር ቢገጠም ባቡሩ በረዘመ ልክ ጕልበቱም ይጨምራል፤ ነገር ግን በየፉርጎው ነጂ ማስቀመጥ አይቻልም። ከፊት ያለው ነጂ የሁሉንም ሞተሮች ኮረንቲ በራሱ እጀታ ያሳልፍ ቢባል ደግሞ፣ መቶዎች አምፔር የሚሸከም ወፍራም ሽቦ በተሳፋሪው መካከል ዳር እስከ ዳር መዘርጋት ሊኖርበት ነው።

ስፕሬግ በዚህ ጊዜ የሕንፃ አሳንሰር ይሠራ ነበር፤ መልሱም ከዚያ መጣለት። በየፉርጎው ውስጥ የሞተሩን ኮረንቲ የሚከፍትና የሚዘጋ ማብሪያ ማጥፊያ ይኑር፤ ማብሪያውን የሚያዘው ግን ከፊት በቀጭን ሽቦ የሚላክ አነስተኛ ኮረንቲ ይሁን። ነጂው ትእዛዝ ይልካል እንጂ ኃይሉን አይሸከምም። ትልቁ ኮረንቲ እዚያው በየፉርጎው ውስጥ ይቀራል። በ1897 በስከኔክታዲ ባለ ስድስት ፉርጎ ባቡር ለሙከራ ሲቀርብ፣ እጀታውን ይዞ የነዳው የስፕሬግ የአሥር ዓመት ልጅ ነበር። አባትየው ነገሩን በዚህ መንገድ ማሳየቱ ለገበያ እንደ ነበር ግልጽ ነው፤ ግን ከዚህ የተሻለ ማብራሪያ እኔም አላገኝለትም። ዘዴው ወዲያው በቺካጎ ከፍ ብሎ በተሠራው የከተማ ባቡር ላይ ዋለ።

የፓሪስ ሜትሮ ሐምሌ 1900 ሲከፈት ይህን ዘዴ አልተከተለም። ፉርጎዎቹ ከእንጨት የተሠሩ ሲሆኑ፣ ለሞተሮቹ የሚሄደው ኃይለኛ ኮረንቲ በነጂው ክፍልና በባቡሩ ርዝመት በተዘረጋ ሽቦ ያልፍ ነበር።

ነሐሴ 10 ቀን 1903 ማምሻውን በአንድ ባቡር ላይ ኮንታክት ተፈጠረና እሳት ተነሣ። ተሳፋሪዎቹ እንዲወርዱ ተደርጎ፣ ሌላ ባዶ ባቡር ከኋላ እየገፋ እንዲያስወጣው ታዘዘ። እሳቱ በመንገድ ላይ እንደገና ተቀጣጠለና ሁለቱም ባቡሮች በሜኒልሞንታን ጣቢያ ነደዱ። ከኋላ የነበረ ሌላ ባቡር፣ ቀድመው ከወረዱት ብዙዎቹን አሳፍሮ፣ ኩሮን በተባለው ጣቢያ ቆመ። ሠራተኞቹ ሰዉ እንዲወጣ ሲለምኑ፣ በዚያ ምሽት ለሁለተኛ ጊዜ ውረዱ የተባሉ ተሳፋሪዎች የትኬታቸው ገንዘብ ይመለስልን ብለው ክርክር ያዙ። ትኬቱ 15 ሳንቲም ነበር። በዚህ መካከል ጢሱ በዋሻው ውስጥ ገስግሶ ደረሰ። የጣቢያው መብራት ኃይል የሚያገኘው ከባቡሩ መስመር ስለ ነበር ባንድ ጊዜ ሁሉም ጨለመ። ሰዉ መውጫው ወዳልነበረበት የመድረኩ ጫፍ ሮጠ። በጠቅላላው 84 ሰዎች ሞቱ፤ አብዛኞቹ እሳቱን ሳያዩ በጢስ ታፍነው ነው።

ከዚያ በኋላ የጣቢያ መብራት ከባቡር ኃይል ተለየ፤ መውጫዎች በብርሃን ምልክት ተደረገባቸው፤ የነጂው ክፍል ከብረት ተሠራ፤ በቀጭን ሽቦ ትእዛዝ የመላኩ የስፕሬግ ዘዴም ወደ ፓሪስ ገባ። ዛሬ በየትኛውም ከተማ በምድር ውስጥ ጣቢያ ስንቆም ከራሳችን በላይ የምታበራውን የመውጫ ምልክት ልብ ብለን አናያትም። ኒው ዮርክ ጥቅምት 27 ቀን 1904 የምድር ውስጥ ባቡሯን ስትከፍት ከፉርጎዎቿ 300 የሚሆኑት ሙሉ በሙሉ ከብረት የተሠሩ ነበሩ፤ በብዛት የተሠሩ የመጀመሪያዎቹ የብረት የመንገደኛ ፉርጎዎችም እነርሱ ናቸው። የመጀመሪያውን ባቡር ለጥቂት ጊዜ እንዲነዳ ተጋብዞ የነበረው ከንቲባ ማክሌላን እጀታውን አልለቅም ብሎ ብዙ ጣቢያ መንዳቱ የዚያን ምሽት ሳቅ ነበር። በአምስት ሳንቲም ከ150 ሺህ የማያንስ ሰው በዚያው ማታ ተሳፈረ።

መስከረም 9 ቀን 2008 ዓ.ም. አዲስ አበባ የቀላል ባቡር አገልግሎቷን ስትጀምር ከላይ የተዘረጋው ሽቦ የሚሸከመው 750 ቮልት ቀጥተኛ ኮረንቲ ነው፤ በሪችመንድ 500 አካባቢ ነበር። ኮረንቲው ከሽቦው በጣራው ክንድ ይወርዳል፣ በሞተሩ ያልፋል፣ በሐዲዱ ይመለሳል። በመስቀል አደባባይ ወይም በሜክሲኮ ቆሞ ወደ ላይ የሚያይ ሰው፣ ሦስቱንም የስፕሬግ ችግሮች ከነመፍትሔያቸው ሲያልፉ ያያል።

የሪችመንድ ትራም በ1949 ተዘጋ፤ ፉርጎዎቹም በእሳት ተቃጠሉ። የፈረሶቹ ሰኮና የነዘረበት የሊሽተርፌልደ መስመርም ዛሬ የለም። ለባሕር ዳርቻ መዝናኛ የተሠራችው የብራይተኗ ትንሽ ባቡር ግን ከ1883 ጀምሮ አለች፤ በበጋው ወራት ወደዚያ የሚሄድ ሰው ትኬት ቈርጦ ሊሳፈርባት ይችላል።